አሟሟቷ ያማረ ማሽን

«የኡበይደላ ልጅ ማሽን? እሷማ ገና ሲነኳት ነው የምትሞተው።»

ይህን ያለው ማን እንደሆነ ጋሽ ኡበይደላ አላዩም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ገና አልሞላም፤ መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለችው የሙባረክ የሬዲዮና የስልክ መጠገኛ በር ላይ፣ ለእጅ ባትሪያቸው ድንጋይ ሊገዙ ቆመው ነበር። ውስጥ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁለት ደንበኞች ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ። «ለጎረቤታችን ለሙከራ ሰጥታት፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ፊውዟ እየተቃጠለ ሦስት ጊዜ ነው የቀየሩላት» አለ አንዱ። «ደካማ ናት። ሴት የሠራው ነገር እንግዲህ…» ብሎ ሌላው የጀመረውን ሳይጨርስ በሳቅ ዋጠው። ሙባረክም፣ ያ ሌላ ጊዜ «ጋሼ፣ ጋሼ» የሚላቸው ሙባረክ፣ አብሮ ሳቀ። ጋሽ ኡበይደላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመርሳን ወፍጮ ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ወፍጮው በፊውዝ ምክንያት ቆሞ አያውቅም፤ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር አንድ ዘለላ የመዳብ ሽቦ አዙረው ያስሩታል፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ ብቻ ነው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ነዶ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ እሱ ግን ከወሬው ውስጥ አይገባም። አገሩ «የኡበይደላ ወፍጮ ቆሞ አያውቅም» ይላል፣ እሳቸውም አያርሙም። እንግዲህ የእኒህ ሰው ልጅ የሠራችው እቃ ደካማ ተብሎ ሲሳቅበት መስማት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያለው ያውቀዋል።

አንድ ጊዜ ጎርነን ያለ ሳል ሳሉና «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ገቡ። ሳቁ ተቆረጠ። ባትሪ ድንጋዩን ረሱት፤ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ ከረጢት የተቀመጡትን የመስታወት ፊውዞች በጣታቸው እያመላከቱ፣ «ከነዚህ ውስጥ ጠንካራዋ የትኛዋ ናት?» አሉ። ሙባረክ ሃፍረቱን በትጋት ሊሸፍን ፈልጎ ሁለት ከረጢት ገለባበጠና ጫፏ ላይ አሥራ አምስት የሚል ቁጥር የተቀረጸባትን አወጣ። «ይቺን ይውሰዱ ጋሼ። ይቺ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሷ አትቃጠልም» አለ። ለማመስገን ብሎ ነው ያለው፤ አግዳሚው ላይ ያሉትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ኡበይደላም ሃያ አምስት ብር ከፍለው፣ ፊውዟን በመሐረባቸው ጠቅልለው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ማሽኗ በረንዳው ላይ፣ ለመንገድ ተዘጋጅታ፣ በገመድ ልትታሰር ቆማለች። የጫጩት ማስፈልፈያ ናት። ከችፑድ የተሠራች፣ ነጭ የተቀባች፣ ስልሳ እንቁላል የምትይዝ፣ ፊቷ ላይ መስታወት ያላት ሣጥን። ልጃቸው ናጅዋ ድሮ ሽንኩርት ይከማችባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ተዘግታ፣ ዓመት ከመንፈቅ የለፋችባት ናት። ዛሬ ወልድያ ላይ ትፈተናለች። ካለፈች በሀብሩ ወረዳ ለተደራጁ ሴቶች አርባ ማሽን እንድትሠራ ይፈረምላታል፤ ከወደቀች ደግሞ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፣ ሽንኩርቱም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ናጅዋ ውስጥ ሻርፕ ትተኩሳለች፤ እናቷ ሁሪያ ቂጣና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ትቋጥራለች። ጋሽ ኡበይደላ ማሽኗ ጎን ተንበረከኩ። ከጎኗ በአውራ ጣት ተጠምዝዛ የምትከፈት ጥቁር ክዳን አለች፤ ከበላይዋ በምስማር ጫፍ የተጻፈች ቆርቆሮ ተለጥፋለች፤ «ፊውዝ፦ 2 አምፔር ብቻ» ትላለች። ሁለት! «ብቻ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከሥሯ ተሰምሮባታል። ብቻ የሚለው ቃል ለእሳቸው የድሃ ቃል ነው፤ እንግዳ ፊት ጥቂት ያቀረበ ሰው የሚለው ቃል ነው። ቢስሚላህ ብለው ክዳኗን ጠመዘዙ፣ ደካማዋን አወጡ፣ ጠንካራዋን አስገቡ፣ ዘጉ። ደካማዋን ከሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱ።

«ምን እየነካኩ ነው?» አለች ሁሪያ ከበሩ ላይ።

«አቧራ ነው። ልጥረግላት ብዬ።»

አርባ ዓመት አብረው የኖሩት ሚስታቸው አቧራ ጠርገው እንደማያውቁ ታውቃለች፤ ግን የመንገድ ቀን ነገር አይነሣም ብላ ወደ ፌስታሏ ተመለሰች። ጋሽ ኡበይደላ ልጃቸውን በአፋቸው አመስግነው አያውቁም። የልጅን ሥራ በአፍ ማወደስ ዓይን ይጠራል ብለው ያምናሉ፤ ደግሞም ወፍጮ ቤት ያደገ ምላስ ጮኾ ማዘዝ እንጂ ዝቅ ብሎ ማወደስ አይሆንለትም። ናጅዋ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ጫጩቶች አስፈልፍላ ስታሳያቸው እንኳ «እንግዲህ ከድመት ጠብቂያቸው» ነበር ያሉት። ዛሬ ግን በጣቶቻቸው ተናገሩ፣ ለእሳቸው ይቺ ሃያ አምስት ብር የወጣባት ፊውዝ ከሙሉ ውዳሴ ትበልጣለች።

ናጅዋ ማሽኗ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አትወጣም ብላ ከረዳቱ ጋር ተከራከረች፣ በመጨረሻም ለማሽኗ የአንድ ሰው ሂሳብ ተከፍሎ መሐል ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባት በአንድ ወገን፣ ልጅ በሌላ ወገን። ከመርሳ እስከ ስሪንቃ ከኋላቸው የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ስለ ሽንኩርት ዋጋ መውረድና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራሉ፤ እነሱ ግን እጃቸውን በማሽኗ ላይ አሳርፈዋል። አንድ ጊዜ ናጅዋ «ቁርስ ቀምሰዋል፣ አባባ?» አለች። «ቀምሻለሁ» አሉ፤ አልቀመሱም። አንድ ጊዜ እሳቸው «ከፈተናው በፊት ማንም እንዳይከፍታት» አሉ፣ ብልጠት መስሏቸው። «ሲመዘግቧት ያሽጓታል፣ ማንም አይከፍታትም» አለች። ከዚያ በኋላ ወልድያ እስኪገቡ የተነጋገሩት የለም፤ እንዲህ ያለው ዝምታ በእነሱ ቤት ጸብ አይደለም፣ የቤት እቃ ነው።

ፈተናው አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ በአራቱም ማዕዘን አሸዋ የሞላ ባልዲ። አሸዋው ለምን እንደሆነ ጋሽ ኡበይደላ አልገባቸውም፤ ግድግዳ ሊለሰን ነው ብለው አለፉት። ፈታኟ እታፈራሁ ትባላለች፤ የጉባ ላፍቶ ሰው ናት፣ ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምጿን ከፍ ማድረግ የማታውቅ ሴት። ማሽኗን ተቀብላ ቁጥር ሰጠቻትና በጥቁሯ የፊውዝ ክዳን ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፈችባት። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ከግራናና ከውርጌሳ የመጡ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ማሽኑ የሚሰጠው ለእነሱ ነውና በዓይናቸው ይዩ ተብለው ነው። ከመካከላቸው ዘይነባ የምትባለው የግራና ሴት፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከነጋዴ በገዛችው ማስፈልፈያ የተነሣ ቤቷ ከነጫጩቱ የነደደባት ናት። አሁንም ስትናገር ዓይኗ ወደ ጣሪያ ይሄዳል።

እታፈራሁ ከማሽኖቹ በላይ ነጭ ስስ ሻሽ እየዘረጋች፣ «እዚህ እንዴት እንደሚሠሩ አናይም» አለች። «ሲሠራማ ሁሉም ያምራል። እኛ ሆን ብለን አበላሽተን እንዴት እንደሚሞቱ ነው የምናየው። ይህ ሻሽ ከጠቆረ እቃው ወድቋል። ነጭ እንደሆነ ከሞተ አልፏል።»

«እንግዲህ አሟሟቱን ያሳምረው በሉ» አለች ዘይነባ። ሴቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ይህ ዱዓ ለሽማግሌ እንጂ ለሣጥን ሲደረግ ጋሽ ኡበይደላ ሰምተው አያውቁም፤ ቢሆንም አሚን አሉ። እንዴት እንደሚሞት? እሳቸው እኮ እንዳትሞት ነው ያደረጉት።

መጀመሪያ የቀረበው ዓሪፍ የሚባል የወልድያ ብረታ ብረት ሠራተኛ ነው። ማሽኑ አረንጓዴ የተቀባ፣ መቆጣጠሪያው የሚያበራ፣ ሲያዩት የሚያጓጓ ነው። ዓሪፍ ፈጣን ሰው ነውና፣ «ሁለቱን ሽቦ አገናኙትና እዩ፣ አይፈራም» አለ። እታፈራሁ ፈገግ አለች። «ትልቁን ብልሽት የቤቱ ቆጣሪም ያየዋል፤ ወዲያው ይወርድና ያልፋል። ቤት የሚያቃጥለው መካከለኛው ነው። ቆጣሪው የማያየው፣ ሽቦው የማይችለው።» ይህን ብላ የሚግለውን ጥምዝ ሽቦ፣ ሬዚስታንሱን፣ ከሚዛኑ በላይ እንዲጎትት ግማሹን አሳጥራ አያያዘችና ለቀቀችው። ለደቂቃዎች ምንም አልሆነም። ከዚያ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ከዚያ ሻሹ መሐሉ ላይ እንደ ሻይ ነጠብጣብ ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፣ ጠርዙን እሳት ላሰው። ረዳቶቹ አሸዋውን ገለበጡበት። ዘይነባ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እታፈራሁ አሸዋውን ጠርጋ፣ የፊውዙን ክዳን ከፍታ፣ ፊውዟን በመቆንጠጫ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻት። «ይኸው፣ ሙሉ ጤነኛ ናት። አሥራ አምስት አምፔር። ሁሉም ነገር ሲቃጠል እሷ ቆማ ታያለች» አለች። ዓሪፍ «ደንበኛ ፊውዝ ተቃጠለ እያለ አስቸገረኝ፣ ጠንካራ አደረግሁለት» ብሎ መሬት መሬቱን አየ።

ጋሽ ኡበይደላ የተቀመጡበት አግዳሚ የጋለ መሰላቸው። ሙባረክ ያላቸው ቃል፣ ምስጋና የመሰላቸው ቃል፣ አሁን ነው ቃል በቃል የገባቸው። ፊውዝ ለካ ለመሞት የተቀጠረች ናት። ሌላው እንዲተርፍ ቀድማ ትሞት ዘንድ ሁለት ተብላ፣ ብቻ ተብላ፣ ከሥሯ ተሰምሮላት የተቀመጠች ናት፤ ጠዋት ሱቁ ውስጥ የተወራባት የጎረቤት ማሽንም ሦስት ጊዜ ፊውዝ ያስቀየረችው ሥራዋን ስለሠራች ነው። ልጃቸው ስድብ የበላችው ልክ በመሆኗ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ልኩን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት።

እታፈራሁ ለምሳና ለሶላት አንድ ሰዓት ሰጠች። ሰው ሲወጣ ጋሽ ኡበይደላ ቀሩ። ወርክሾፑ ውስጥ እሳቸውና ማሽኖቹ ብቻ ናቸው። ደካማዋን ፊውዝ ከኪሳቸው አውጥተው ይዘው ወደ ናጅዋ ማሽን ተጠጉ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ ማንም አያይም፣ ነውራቸውም እዚሁ ይቀበራል። ጥቁሯ ክዳን ላይ ግን የማኅተሙ ወረቀት አለ። ጫፉን በጥፍራቸው ሞከሩት፤ ይቀደዳል እንጂ አይነሣም። ማኅተሙ ከተቀደደ ልጅቱ ከፈተና ውጪ ናት። ካልተቀደደ ደግሞ ማሽኗ በዓሪፍ አረንጓዴ ማሽን መንገድ ትሄዳለች፣ «የኡበይደላ ልጅ ቤት ልታቃጥል ነበር» ይባላል፣ ይህም እስከ ውርጌሳ ይሰማል። ወጥተው ከቧንቧው ዉዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ፣ ከሰገዱም በኋላ ቁጭ ብለው ቆዩ። አላህን እንዲሸፍናቸው ሊለምኑት ፈልገው ነበር፤ አፋቸው እምቢ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ የናጅዋ ተራ ሆነ። ቆማ ሲያዩዋት፣ ያቺ ሚኒባስ ውስጥ ድምጿ ያልወጣ ልጅ አልመሰለቻቸውም። እታፈራሁ «የማሽንሽን ክፉ ብልሽት ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የባሰውን ራስሽ ምረጪ» አለቻት። ናጅዋ በጣቷ እየቆጠረች፣ ማራገቢያው ይቁም፣ ሙቀት ተቆጣጣሪው እንደበራ ይጣበቅ፣ ሬዚስታንሱም ሩቡ ብቻ ይቅር አለች።

«ሦስቱንም ባንዴ? ደንቡ አንድ በአንድ ነው የሚለው።»

«ባንዴ። ቤት ውስጥ ክፉ ነገር ተራ አይጠብቅም።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ኡበይደላ በዚያች ቅጽበት የተሰማቸው ኩራት እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም፤ የራስዋን ልፋት በገዛ እጇ ለእንዲህ ያለ መከራ የምትሰጥ ሰው አይተው አያውቁም፣ ይህቺ ሰው ደግሞ የእሳቸው ናት። ኩራቱም ነው ያስነሣቸው። ሃፍረት ቢሆን አያስነሣም ነበር፣ ሃፍረት እንዲያውም ያስቀምጣል።

«አንዴ ቆዩ» አሉ። ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ከሸሚዝ ኪሳቸው ያወጧትን ትንሽ ፊውዝ እታፈራሁ ፊት አስቀመጡ። «የማሽኗ ፊውዝ ይቺ ናት። ዛሬ ጠዋት እኔ ነኝ የቀየርኳት። ልጄ አታውቅም፣ ወላሂ አታውቅም። ደካማ ሲሏት ሰምቼ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍራት ብዬ፣ ጠንካራ ገዝቼ አስገባሁባት። እንደዚያኛው አሥራ አምስት ናት።» ከዚያ ወደ ናጅዋ ዞሩ፤ ፊቷን ግን ማየት አልቻሉም። «አፉ በይኝ» አሉ ለጫማዋ።

ዓሪፍ እንኳ ለመሳቅ አልደፈረም። እታፈራሁ ትንሿን ፊውዝ አገላብጣ አየችና ቀስ ብላ፣ «አባቴ፣ እቃው የሚፈተነው ታሽጎ እንደቀረበ ነው። ማኅተሙን አሁን ብከፍት ሕግ አፈርሳለሁ። ናጅዋ ከፈለገች ከዚህ ዙር ማስወጣት መብቷ ነው፣ ካልፈለገች ደግሞ እንዳለች ትፈተናለች» አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እርስዎ የሠሪዋ አባት ሆነው ይህን ካደረጉ፣ ግራና ያለ አባወራ ምን ሊያደርግ ነው?»

መልሱ ከአግዳሚው መጣ። «የእኔው አባወራ በመዳብ ሽቦ ነው ያሰራት» አለች ዘይነባ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሣች። «ፊውዟ ሁለቴ ስትቃጠልበት ጠንካራ አድርጌልሻለሁ ብሎኝ ነበር። እኔም ጎበዝ አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ነጋዴውን ስንረግም ኖርን።» አጠገቧ ያለችው ሴት እጇን ያዘቻት።

ሁሉም ናጅዋን አዩ። ዓመት ከመንፈቅ፣ የሽንኩርት ክፍል፣ አርባ ማሽን። ጋሽ ኡበይደላ «አስወጪያት» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደመቻቸው።

«ትፈተን። እንዳለች። በአባባ ፊውዝ።»

«ተይ ልጄ፣ እሳት ነው እኮ…»

«ቁጭ ይበሉ፣ አባባ» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራቸው።

ሻሹ ተዘረጋ። ማራገቢያው በእንጨት ስንጥር ተያዘ፣ ተቆጣጣሪው ታለፈ፣ ሬዚስታንሱ ሩቡ ቀረ። እታፈራሁ ለቀቀችውና ሙቀቱን ድምጿን ሳትቀይር ማንበብ ጀመረች። ሠላሳ ስምንት፣ እንቁላል የሚወደው ሙቀት። አርባ ስድስት። ሃምሳ አምስት። በመስታወቱ ውስጥ ሬዚስታንሱ ደም መሰለ። የቀለም ሽታ መጣ፣ ከጠዋቱ ሽታ ገና ያልጸዳው ክፍል ውስጥ ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ስልሳ አራት። ጋሽ ኡበይደላ ማሽኗን ትተው ሻሹን ብቻ ነበር የሚያዩት፤ እያንዳንዱ የክር ጥላ የቢጫ ነጠብጣብ እየመሰላቸው ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ሰባ አንድ። አንዱ ረዳት የአሸዋውን ባልዲ አነሣ። ሰባ አምስት።

ቀጭ አለች። ከውስጥ፣ ጣት የማንቋቋት ያህል ድምፅ። የሬዚስታንሱ ቅላት ጠቆረ፣ መብራቷ ጠፋ። ማሽኗ ሞተች።

እታፈራሁ አሥር ደቂቃ ሙሉ ማንንም አላስነካችም። ከዚያ ሻሹን በሁለት ጫፉ ይዛ አነሣችና ለሴቶቹ አዙራ አሳየች፤ እንደተዘረጋ ነጭ ነው። ማኅተሙን ቀድዳ የጎኑን ክዳን ከፈተች፤ የጋሽ ኡበይደላ ጠንካራ ፊውዝ ምንም አልሆነችም፣ ትብለጨለጫለች። ታዲያ ማን ሞተ? ናጅዋ ከመሣሪያ ሣጥኗ የእጅ መሰርሰሪያ አውጥታ ከሬዚስታንሱ በላይ ያለውን የተበሳሳ ቆርቆሮ የያዙትን፣ በመፍቻ የማይፈቱ ሪቬቶች አንድ በአንድ ሰርስራ አወጣች። ከሥሩ በነጭ ልባስ የተሸፈነች፣ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ነገር አወጣች። «ይቺ የሙቀት ፊውዝ ናት። አምፔር አታውቅም፤ የምታውቀው ሙቀት ብቻ ነው። ሰባ ሰባት ስትደርስ ትቆርጣለች፣ ያለ መሰርሰሪያም አትወጣም።»

«ንድፉ ላይ አይቻታለሁ» አለች እታፈራሁ። «ያልገባኝ ለምን ይህን ያህል እንደደበቅሻት ነው። ከማን ነው የደበቅሻት?»

ናጅዋ አባቷን አየችና ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ወፍጮ ቤት ነው ያደግሁት» አለች።

መጀመሪያ ዘይነባ ሳቀች፤ ከእንባ ጋር የተቀላቀለ ሳቅ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ፣ ከዚያ ዓሪፍም። ጋሽ ኡበይደላ ከሁሉም ኋላ ገባቸው። ልጃቸው ያን የመዳብ ሽቦ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታየው ነበር፤ ያልገባቸውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ልታስተምራቸው ተከራክራ አታውቅም። ሰውዬው እንደማይለወጥ አውቃ፣ በማሽኗ ውስጥ ለእሱ ስህተት ቦታ አበጅታ፣ በቆርቆሮ ከድና፣ ዝም ብላ ተቀምጣለች። መሳቅ ፈልገው ዓይናቸው አልታዘዝ አለ። «ማሻአላህ» አሉ፤ ከዚያ ዓይን ይጠራል ብለው ሳይፈሩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የልጄን ሥራ እዩልኝ» አሉ።

ናጅዋ አለፈች። አርባው ማሽን ሊፈረምላት እታፈራሁ መነጽሯን አድርጋ ቅጹን መሙላት ጀመረች። የተፈተነባቸው ብልሽቶች በሚለው ሥር አንድ ብላ ማራገቢያው፣ ሁለት ብላ ተቆጣጣሪው፣ ሦስት ብላ ሬዚስታንሱ ጻፈችና አራተኛው ላይ ቆመች። «ይህንንስ ምን ብዬ ልጻፈው? ቅጹ ላይ ስም የለውም።»

«ኡበይደላ በይው!» አለች ዘይነባ፣ ወርክሾፑም እንደገና በሳቅ ተሞላ። እታፈራሁም እየሳቀች፣ በኋላ ተገቢውን ቃል እስክታገኝለት፣ በእርሳስ «ኡበይደላ» ብላ ጣል አደረገችው። ከዚያ ወደ ታች ወርዳ የሠሪው ሙሉ ስም የሚለውን በእስክሪብቶ ሞላች፣ ናጅዋ ፈረመች፣ ወረቀቱም ፊውዙን መቀየራቸውን እንዲያረጋግጡ ወደ ጋሽ ኡበይደላ ዞረ።

ጋሽ ኡበይደላ ፊደል የቆጠሩት ጎልምሰው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ሲያነቡ በጣታቸው እየተከተሉ፣ በከንፈራቸው እየቀመሱ ነው። ከላይ ጀመሩ። ብልሽት ቁጥር አራት፣ ኡበይደላ። ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። የሠሪው ሙሉ ስም፣ ናጅዋ ኡበይደላ። እዚያም ቆመ። ጣታቸውን ወደ ላይ መለሱ፣ ደግሞ ወደ ታች። ሰዉ ሳቁን አቆመ። እታፈራሁ ያዘኑ መስሏት ደነገጠችና ላጲሷን አነሣች።

«የላይኛው ቀልድ ነው፣ አባቴ፣ በእርሳስ ነው የጻፍኩት። አሁን አጠፋዋለሁ።»

ጋሽ ኡበይደላ ሰፊ መዳፋቸውን በወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«አይጥፋ» አሉ። «ሁለቱም እኔ ነኝ። የላይኛውንም በእስክሪብቶ ያድርጉልኝ።»